ከመለወጥ በፊት መለካት
በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሥልጣኔ ወይም ስለ ዕውቀት ጥቅም እንድናገር የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ ዘይትና ጥላሸት የነካው ነው፤ ይኸውም የአትክልት ቦታ ትራክተር ሞተር እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ይህን የመረጥሁበትን ምክንያት ከነገሩ ጋር እያያያዝሁ እገልጻለሁ።

ከወጥ ቤታችን በስተጀርባ ያለውን የአትክልት ቦታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ የሚገኘው ጎመን፣ ካሮትና ድንች ለአዳሪ ተማሪዎች ማዕድ ይቀርባል። መሬቱን የምታርሰውና ፍጉን የምትጎትተው ትንሿ ትራክተር ባለፈው ዓመት ጉልበቷ አልቆ ቆመች። በዚህ ጊዜ ሁለት አሳብ ተነሣ። አንደኛው «ለቁራሌው ትሸጥ» የሚል ነበር። ሁለተኛው ግን የአዛውንቱ የአትክልት ሠራተኛችን አሳብ ነበር። እርሳቸውም «ልጆቼ፣ ጎማዋ ደኅና ነው፤ ማርሿም ደኅና ነው፤ አንድ ብልት ስለ ሞተ ሰውነቷ ሁሉ ይቀበራልን?» አሉን። አዲስ ትራክተር ለመግዛት የትምህርት ቤቱ አቅም አይፈቅድም ነበርና የእጅ ሥራ መምህራችን ነገሩን መርምረን እንድንሠራው ለክፍላችን ሰጡን።

የመጀመሪያው ጥያቄ «አሮጌው ሞተር በእርግጥ ሞቷልን?» የሚለው ነው። ኒኮላውስ ኦቶ የሚባለው ጀርመናዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ከሠራው ሞተር ጀምሮ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ሥራ አራት ነው፤ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። ሞተር አልነሣ ሲል ብዙ ጊዜ የጎደለው ትንሽ ነገር ነው፤ ካንዴላው ቆሽሾ ወይም የካርቡራተሩ ቀዳዳ ተደፍኖ ይሆናል። ይህን ሳያዩ አዲስ ሞተር መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። የእኛ ሞተር ግን ካንዴላው እሳት እየሰጠ፣ ቤንዚኑም እየደረሰው፣ ማመቅ ተስኖት ነበር። መምህራችን በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አስጨምረው እንደ ገና አስለኩን፤ ግፊቱም ከፍ አለ። ዘይቱ ለጊዜው የደፈነው ክፍተት በፒስቶኑ ፋሻና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ነውና በሽታው በዚያ እንደ ሆነ ታወቀ። ግፊቱ ባይጨምር ኖሮ ቫልቮቹን እንጠረጥር ነበር። ሞተሩን ስንፈታው ሲሊንደሩ ተቧጭሮ አገኘነው። የአየሩ ፊልትሮ ተቀድዶ ሳይለወጥ በመቆየቱ የእርሻው አቧራ እንደ ሞረድ በልቶታል። የአንዲት ትንሽ ፊልትሮ ቸልታ ሙሉ ሞተር አስከፈለች።

ሁለተኛው ሥራ መለካት ነው። ብዙ ሰው ሞተር ሲገዛ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ብቻ ነው። ነገር ግን ጉልበቱ ትክክል ሆኖ አካሉ የማይገጥም ሞተር ዕቃ ቤት ያጣብባል እንጂ አያርስም። ስለዚህ የሚከተሉትን መመልከት ያሻል። ጉልበት የሚወጣበት ዘንግ ጋደም ያለ ነው ወይስ ወደ ታች የቆመ? ጋደም እንዲል የተሠራውን ሞተር አቁሞ ማሰር አይቻልም፤ ዘይቱ ወደሚፈለግበት አይደርስምና። ዘንጉ ወደ የት ይዞራል? ወደ ተቃራኒው የሚዞር ከሆነ ትራክተሩ ወደ ፊት ሲሉት ወደ ኋላ ይሄዳል። የዘንጉ ውፍረትስ ስንት ነው? ገበያ ላይ 25 ሚሊሜትር የሆነም 25.4 ሚሊሜትር፣ ማለት አንድ ኢንች፣ የሆነም አለ። ልዩነቱን ዓይን አይለየውም፤ ካሊብሮ ግን ይለየዋል። ለ25 የተቀደደ ፑሌጃ በ25.4 ዘንግ ላይ አይገባም። ለ25.4 የተቀደደው በ25 ዘንግ ላይ ቢገባም እየተንገዳገደ በመካከል ያለችውን የብረት ሽብልቅ ይቆርጣታል።

ስለ ጉልበቱም አንድ ነገር ልጨምር። በሞተሩ ላይ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል አጠገብ የሚሰጠው ነው። በደጋ አገር አየሩ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይጎድላል። እንግዲህ እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ይቀራል፤ 10 የተባለው ሞተር 7 ተኩል ያህል ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ከሆነ እጥፍ ጉልበት ያለው ይገዛ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማርሹና ቺንጊያው ለተወሰነ ጉልበት የተሠሩ ናቸው፤ ከመጠን ያለፈ ሞተር ራሱ ሳይጎዳ የማርሹን ጥርስ ይሰብራል። ጥቂት ጨምሮ መግዛት ብልኅነት ነው፤ እጅግ ጨምሮ መግዛት ግን ሌላ ጥፋት መግዛት ነው።

ሦስተኛው ሥራ መግጠሙ ነው። አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ይፈታል፤ ቤንዚኑ ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ከመላቀቁ በፊት ምልክት ይደረግበታል። የአዲሱ ሞተር የቦሎን ቀዳዳዎች ከአሮጌው ጋር ካልገጠሙ ወፍራም ላሜራ ቀድዶ በመካከል ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን ላሜራው ሞተሩን ከፍ ስለሚያደርገው ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መቆማቸው በቀጥታ ብረት ይመረመራል፤ አለዚያ ቺንጊያው በጥቂት ቀን ይበጣጠሳል። ከሁሉ የሚያስፈራው የማጥፊያው ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ሞተሩን የሚያጠፋው ከብረት አካሉ ጋር በመነካካት ነው እንጂ ከባትሪ ኮሬንቲ በመቀበል አይደለም። በስሕተት ከ12 ቮልቱ ባትሪ ጋር ቢያያዝ ቦቢናው ሊቃጠል ይችላል። ደግሞም አዲስ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። 1 ሊትር ያህል ዘይት ለመጨመር አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ያለ ዘይት የተነሣ ሞተር ግን በጥቂት ደቂቃ ይነክሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

እኛም በዚህ ሥርዓት ሠርተን ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ሁለቱ ቅዳሜ ያለፈው በመመርመርና በመለካት ነበር፤ የመግጠሙ ሥራ አንድ ቅዳሜ ብቻ ወሰደ። ከዚህ የተማርሁት ነገር ይህ ነው፤ ሥራ የሚያስቸግረው እጁ ላይ ሳይሆን እጁ ከመነሣቱ በፊት ያለው አሳብ ላይ ነው። በሒሳብ ክፍል የተማርነው ዐሥረኛ ክፍልፋይ፣ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የአየር ግፊት፣ ሁሉም በአንድ ዘንግ ላይ ተገናኙ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ርእሴን የመረጥሁበት ምክንያት ይህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ቢሆንም «መካኒክ ልሁን» የሚል ልጅ በብዙ ቤት ዛሬም አንገት ያስደፋል። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ንቀትን ከልብ የሚያወጣው ግን አባትና እናት ናቸው። ልጃችሁ ጥፍሩ ውስጥ ጥቁር ዘይት ይዞ ቢመጣ «ትምህርትህን ተውህ ወይ?» ብላችሁ አትቈጡት። ይልቁንም «ዛሬ ምን ለካህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ተምሮ መጥቷልና ደስ ይበላችሁ።