የዕፀ ፋርስ ቅባትና የሳያቲክ ነርቭ ሕመም



የመሐንዲስ ሥራ በአብዛኛው ወይ ከንድፍ ፊት ለረጅም ሰዓት መቀመጥን፣ ወይ በኮረኮንች መንገድ ወደ ግንባታ ቦታ መመላለስን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የወገብ ሕመም ለሙያው እንግዳ አይደለም። ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫና በታፋ በኩል እየነዘረ እስከ እግር ጣት የሚወርደው የሳያቲክ ነርቭ ሕመም ግን ከተራው የወገብ ሕመም የከፋ ነው፤ የያዘውን ሰው መቀመጥም፣ መቆምም፣ እንቅልፍም ይነሣዋል። እንዲህ የተጨነቀ ሰው ዘመድ ከአሜሪካ የላከለትን የዕፀ ፋርስ ቅባት ቢሞክር ሊነቀፍ አይገባውም። ሊመረመር የሚገባው ቅባቱ ነው።

ዕፀ ፋርስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ካናቢስ፣ ከያዛቸው ብዙ ንጥረ ነገሮች መካከል ሁለቱ ለዚህ ጉዳይ ዋነኞች ናቸው። አንደኛው አእምሮን የሚያሰክረው ቲ.ኤች.ሲ. ሲሆን፣ ሁለተኛው የማያሰክረው ሲ.ቢ.ዲ. ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ፣ ቲ.ኤች.ሲ. ከደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ የማይበልጠውን ተክል ከተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር ካወጣው በኋላ፣ ሲ.ቢ.ዲ. የተቀላቀለባቸው ክሬሞችና ቅባቶች በዚያ አገር ገበያ ተበራከቱ።

መሐንዲስ አንድ መብራት ሲጠፋ አምፖሉን ከመለወጡ በፊት ብልሽቱ ከየት እንደሆነ ይመረምራል። የሳያቲክ ነርቭም በዚሁ ዐይን ሊታይ ይገባል። ይህ ነርቭ በሰው አካል ውስጥ ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ሲሆን፣ ከታችኛው አከርካሪ ከሚወጡ አምስት ሥሮች ተገምዶ በመቀመጫ ጡንቻ ሥር በማለፍ ወደ እግር ይወርዳል። ሕመሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ የነርቩን ሥር ሲጫንና ሲያስቆጣ ነው፤ ይህንንም ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ አስረድተዋል። ስለዚህ የሚያመው ባት ቢሆንም ብልሽቱ ያለው ወገብ ውስጥ ነው። ባቱን የሚቀባ ሰው አምፖሉን ብቻ ይወለውላል።

ወገቡስ ቢቀባ? የቆዳ የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ቢሆንም፣ የሞቱ ሕዋሳት በስብ ተያይዘው የሠሩት ጠንካራ ግድግዳ ነው። ሲ.ቢ.ዲ. በስብ የሚሟሟ በመሆኑ ወደዚህ ሽፋን ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ክፍል ግን ውሃ የበዛበት ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ስቡ ውስጥ ይቀራል። ከሚያልፈው ጥቂትም ብዙውን ደም ይዞት ይሄዳል። የነርቩ ሥር ደግሞ ከቆዳው በሴንቲሜትሮች ርቆ፣ በጡንቻና በአጥንት ተከልሎ ይገኛል። ከዚህ የተነሣ ቅባቱ በሚበቃ መጠን እዚያ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ «ቀብቼው ተሻለኝ» የሚል ሰው ዋሸ ማለት አይደለም። ከቅባቶቹ ብዙዎቹ ሜንቶል ወይም ካምፎር ተጨምሮባቸዋል፤ ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚለዩትን የቆዳ ነርቮች ስለሚቀሰቅስ ሕመሙን ለጊዜው ያስረሳል። መታሸቱም ራሱ ጡንቻን ያፍታታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ በመሆኑ፣ ምስጋናውን የሚወስደው በመጨረሻ የተቀባው ነገር ይሆናል።

ለቅባቱ የሚመሰክር ጥናት ጨርሶ የለም ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመና በ29 ሕሙማን ላይ ለአራት ሳምንታት የተደረገ ሙከራ፣ ሲ.ቢ.ዲ. ያለበትን ዘይት የተቀቡት ሰዎች ሕመማቸው ባዶውን ከተቀቡት ይልቅ መቀነሱን አሳይቷል። ነገር ግን የእነዚያ ሕሙማን ችግር በእግር ዳርቻ የሚገኙ ነርቮች መጎዳት እንጂ በአከርካሪ ላይ የተጫነ ሥር አልነበረም። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሲ.ቢ.ዲ. ከሙከራ ጥናት ውጭ ሥር ለሰደደ ሕመም እንዳይሰጥ መክሯል።

የዕቃው ጥራት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት 105 የሚቀቡ ምርቶችን መርምረው፣ የሲ.ቢ.ዲ. መጠናቸውን ከገለጹት 89 መካከል በትክክል የጻፉት 24 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ደርሰውበታል። በ37ቱ ውስጥ ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቷል፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ «ከቲ.ኤች.ሲ. ነጻ» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው። የሲሚንቶውን ልክ ሳያውቅ አርማታ የማያስሞላ መሐንዲስ፣ ለገዛ አካሉ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባም። በኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ወደ አገር ማስገባትንና ይዞ መገኘትን ስለሚያስቀጣ፣ በሻንጣ የመጣ ቅባት ከሕመሙ የባሰ ጣጣ ሊያስከትል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የጊዜ ነገር ነው። በሁለቱ ታፋዎች መካከል መደንዘዝ፣ ሽንትን መሽናት ወይም መቆጣጠር አለመቻል፣ የእግር እየሰነፈ መሄድ ሲታይ፣ የነርቮቹ ጥቅል ተጨንቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ ጉዳቱ ቋሚ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እነዚህ ምልክቶች የሌሉበትም ሰው ቢሆን በአልጋ ላይ ከመዋል ይልቅ በተቻለው መጠን ቢንቀሳቀስና ሐኪም ቢያማክር ይጠቀማል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ሕመምን ለሰዓታት የሚያስረሳ ቅባትም በሽታን ከባለቤቱ ከራሱ ሊደብቅ ይችላልና፣ ጥንቃቄው ከዚህ ላይ ነው።