ስለ መንታ መርፌ አጠቃቀም በማኅበራችን አዳራሽ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ጥቂት ደቂቃ የምወስድባችሁ በቤት የስፌት መኪና ላይ ስለምትገባው መንታ መርፌ ለመናገር ነው። እዚህ ሰፈር ካናቴራና የልጆች ቱታ እየሰፉ ቤታቸውን የሚደጉሙ እናቶች ብዙ ናቸው። የደንበኛው ስሞታ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልጁ ገና ሲያጠልቀው ጠርዙ ተበጠሰ» ነው የሚባለው። ልብሱ ተመልሶ መጣ ማለት ደግሞ ክሩም ድካሙም በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ተራው ቀጥ ያለ ስፌት አይለጠጥም፤ ጨርቁ ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል። መንታ መርፌ በአንድ አንገት ላይ የተተከሉ ሁለት መርፌዎች ናት። ከላይ በሁለት ክር ጎን ለጎን ሁለት መስመር ትሰፋለች። የታችኛው ክር አንድ ብቻ ስለሆነ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየተመላለሰ ዚግዛግ ይሠራል። ስፌቱን የሚያለጥጠው እንግዲህ ይኸው የታችኛው ክር ነው። ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ ልዩ መኪና አላቸው፤ እኛ ግን በመርፌዋ እንብቃቃለን።

አሮጌው ጥቁር የእግር መኪና ላይ እባካችሁ አትሞክሯት! መርፌው የሚወርድበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ክሩም የሚሰካው ከጎን ነው። መንታዋ ብረቱን መትታ ትሰበራለች፤ ስባሪው ዓይን ውስጥ ቢገባስ? የምትሆነው ዚግዛግ ለሚሰፋና ክሩ ከፊት ወደ ኋላ ለሚሰካ መኪና ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን መኪናውን ቀጥ ያለ ስፌት ላይ፣ መርፌዋንም መሐል ላይ አድርጉ። ቡሎኑን በካቻቢቴ አጥብቃችሁ መዘውሩን አንድ ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩት። የሆነ ነገር ቀጭ ካለ እዚያው አቁሙ።

ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። 2.5/75 የሚል ከሆነ ፊተኛው በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው፤ 75 ደግሞ ውፍረቷ 0.75 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ለካናቴራ የሚለጠጥ ጨርቅ መርፌ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጫፏ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ጨርቁን አትበሳሳም።

ሁለተኛ የክር ማስቀመጫ የሌለው መኪና ካላችሁ በታችኛው ክር ማጠንጠኛ ላይ ክር ጠቅልላችሁ ከላይ ከዋናው ክር ጋር አኑሩት። ሁለቱ ክሮች እንዳይጠላለፉ ክር ማጥበቂያው ላይ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አሳልፉ።

ጠርዙን አጥፋችሁ ወስውሱት፤ ከዚያ በልብሱ ፊት በኩል ስፉ። የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። ጨርቁን አትጎትቱት፣ ይወላገዳል። በሁለቱ መስመር መሐል ጉብ ያለ ነገር ከታየ የላይኛውን ክር አላሉት። ማዕዘን ላይ ስትደርሱ መርፌዋ ጨርቁ ውስጥ እያለች አታዙሩ፤ ትጠመማለች። መጨረሻው ላይም ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ክሮቹን ወደ ውስጥ ስባችሁ ቋጥሩ። ከስፌቱ የተረፈውን ጨርቅ በመቀስ ማስተካከል የመጨረሻው ሥራ ነው።

የማኅበሩ ባለ ዚግዛግ መኪና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ይዘጋጃል። ለመለማመጃ ያረጀ ካናቴራ ይዛችሁ ኑ፤ አዲስ ጨርቅ አታምጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ