እጅ የማይገባበት ዕቃ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወተት ጀሪካን ነው።

ባለፈው ክረምት የአራት ጎረቤታሞችን ወተት በእኔ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ገዢው ጥቂቱን እሳት ላይ ሲጥደው ረጋ፤ 20 ሊትሩም እንዳለ ተመለሰ። ተናደድኩ። ላሞቻችን ጤነኞች ናቸው፤ ጀሪካኑንም ማታውን በበረኪና አለቅልቄው ነበር።

ቤት ስመለስ ጀሪካኑን በቢላዋ ሰነጠቅሁትና ውስጡን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ያሙለጨልጫል። ወተት ሲገለበጥ ስቡና ፕሮቲኑ ዕቃው ላይ ይቀራል። ባክቴሪያዎች እዚያ ላይ ተጣብቀው እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይሠሩና ውስጡ ይሸሸጋሉ። በረኪና ላዩን ይነካል እንጂ ከሥር ያሉትን በቀላሉ አያገኛቸውም፤ ቆሻሻውም ኃይሉን ይጨርስበታል። የጉና ብርድ ወተት ያቆያል እንላለን፤ እውነት ነው፤ የተጣበቀውን ግን አይነቅልም።

እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ቅሉን በግራዋ ቅጠል ፈትገው፣ አጥበው፣ አድርቀው ነው በወይራ የሚያጥኑት። ጭሱ መጨረሻ ነበር። እኛ በጭሱ ቦታ በረኪናውን ተክተን መፈተጉን ተውነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንያዝ። ወተቱ እንደተገለበጠ ወዲያው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ እናለቅልቅ፤ የፈላ ውሃ ከቀደመ የወተቱ ፕሮቲን ዕቃው ላይ ይጋገራል። ቀጥሎ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ እንፈትግ፤ ክዳኑን፣ ጎማውንና የእጀታውን ሥር አንርሳ። ፕላስቲክ በሽቦ አይፈተግም፤ ጭረቱ የባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል። ሳሙናውን አጥርተን ካለቀለቅን በኋላ ነው በረኪና፣ ያውም በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን። ለብረት ዕቃ የፈላ ውሃ ይበቃል። በመጨረሻ ደፍተን እናድርቅ፤ በጨርቅ አንወልውል። ነጣ ያለ ደረቅ ቅርፊት ከያዘ ሎሚ ያለቅቀዋል፤ ነገር ግን ሎሚና በረኪና ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ወተታችን አንድ ላይ ይገለበጣል፤ የአንዷ ዕቃ የሁላችንን ያበላሻል። ከቁጠባችን ላይ፣ የሚደግፉን ወዳጆቻችንም ቢያግዙን፣ አፈ ሰፊ የብረት ዕቃና ብሩሽ እንግዛ፤ እያንዳንዷ በየወሩ ትክፈል። እጅ የማይገባበት ዕቃ አይጸዳም።

ያን ቀን ወተታቸው የተደፋባቸው ሦስቱ ጎረቤቶቼ እዚህ ተቀምጠዋል። ይቅር ብላችሁኛልና እግዜር ይስጥልኝ።