ውሃው መኪና ላይ ሳለ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ከተነሣ ስለ ብር ሊያወራ ነው ትላላችሁ። አልተሳሳታችሁም፤ ግን ብሩ ጋ የምንደርሰው በውሃ በኩል ነው። በመጪው በጋ ኢሱዙ ተከራይተን፣ ሮቶ ጭነን፣ ቦኖው ለደረቀባቸው አባሎቻችን ውሃ እንድናመላልስ ወስናችኋል። እኛም በጀቱን ስናዘጋጅ አንድ ነገር ገረመን። ውሃ በመኪና ማመላለስ ሲባል ደረሰኝ የሚቆረጥለት ናፍጣው፣ ኪራዩና የሾፌሩ አበል ነው። 3,000 ሊትር ደረሰ ይባላል፤ ምን ዓይነት 3,000 ሊትር እንደደረሰ የሚናገር ወረቀት የለም። ለጋሽ ገንዘቡን የሰጠው ለሚጠጣ ውሃ ከሆነ፣ በሒሳብ ዓይን ይህ ማስረጃ የጎደለው ወጪ ነው።

እስቲ ከሸክሙ እንጀምር። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፤ 3,000 ሊትር 3 ቶን ማለት ነው። ስፊር የተባለው የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ስለሚል፣ አንዱ ምልልስ የ200 ሰው የአንድ ቀን ውሃ ይሆናል። ሮቶው ግማሹ ብቻ ተሞልቶ መሄድ የለበትም። ግማሽ የሆነ ውሃ በመታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ጎን ይደፋና መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ሞልቶ መሄድ፣ በደንብም መታሰር አለበት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ውሃው ከየት እንደተቀዳ ነው። መልካም ጥያቄ ነው፤ ግን ከጥሩ ጉድጓድ የወጣ ውሃም መኪና ላይ ይበላሻል። መሙያው ጎማ መሬት ላይ ተጎትቶ በጭቃው ወደ ሮቶው ይገባል። ክዳኑ ይጠፋና በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈናል። ልኩን ለማየት ተብሎ እጅ ይነከራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ይቀርባል።

ስለዚህ አከራዩን ከዋጋው በፊት የምንጠይቀው ሮቶው ወይም ቦቴው ከዚህ በፊት ምን ይጭን እንደነበር ነው። ወተት ወይም የምግብ ዘይት ከነበረ ታጥቦ ይሠራል። ነዳጅ፣ የተባይ መድኃኒት ወይም ፍሳሽ የጫነ ከሆነ፣ በነጻም ቢሰጠን አንቀበለውም። የተቀበልነውም መጀመሪያ በሳሙና ይፈገፈጋል። ከዚያ ሩብ ያህል ውሃ ይገባበትና ለየ1,000 ሊትሩ 80 ግራም የዱቄት ክሎሪን ይጨመራል፤ ለእኛው ሮቶ 240 ግራም መሆኑ ነው። እስከ አፉ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያም ይደፋል። ይህ ውሃ የሮቶ መድኃኒት ስለሆነ ከብት የሚጠጣበት ቦታ ወይም ጓሮ አይደፋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክሎሪን ሥራውን ለመጨረስ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ክሎሪኑ የሚጨመረው መኪናው ሰፈር ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈች፣ ልጅ ያዘለች እናት ቆማለች። እሷን «30 ደቂቃ ታገሺ» ብሎ ቧንቧውን ዘግቶ የሚቆም ሰው ማን ነው? እኛ አንሆንም፤ እናንተም አትሆኑም። ስለዚህ ክሎሪኑ የሚጨመረው እዚያው መቅጃው ላይ፣ ሮቶው እየሞላ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ማማሰሉን መንገዱ ይሠራልናል፤ የኛ መንገድ ለማማሰል ማን ብሎት! መንገዱ ከ30 ደቂቃ ካነሰ ብቻ ነው ቧንቧው ተዘግቶ የሚጠበቀው።

ልኩ እንዲህ ይሰላል። በሊትር 2 ሚሊግራም ብናስብ፣ ለ3,000 ሊትር የሚያስፈልገው 6 ግራም ክሎሪን ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ክሎሪን ከ65 እስከ 70 በመቶ ስለሆነ፣ የምንመዝነው ወደ 9 ግራም ይሆናል። የ200 ሰው ውሃ የሚጠብቀው ዱቄት ይህን ያህል ትንሽ ነው። እንደ ጨው በእጅ ተቆንጥሮ ግን አይገባም። በሚዛን ተለክቶ፣ በባልዲ ውሃ ተበጥብጦ፣ የማይሟሟው አተላ ከታች ቀርቶ ጥሩው ብቻ ይገባል። ዱቄቱ በእርጥብ እጅ አይነካም፤ ከናፍጣ ጋርም በአንድ ቦታ አይቀመጥም።

ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን ይበላዋል። መጀመሪያ ይጠል፣ ይጣራ። ባንግላዴሽ ውስጥ ማትላብ በተባለ አካባቢ ያሉ ሴቶች ያረጀ ሳሪ ቢያንስ 4 ጊዜ አጥፈው ውሃቸውን በማጥለል የኮሌራን በሽታ በግማሽ ያህል እንደቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ያሳያል። ሳሪ እንደኛ ነጠላ በየቤቱ ያለ ጨርቅ ነው። ነጠላ ግን ሽመናው ሳሳ ስለሚል ድፍርሱን ለመያዝ ይጠቅመናል እንጂ ክሎሪኑን አይተካም።

ክሎሪን የማይነካውም አለ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ አላቸው፤ በወንጂ አካባቢ ጥርስን አልፎ አጥንት ድረስ የጎዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላትም ክሎሪንም አያወጡትም። መፍትሔው ሌላ ጉድጓድ መምረጥ ነው፤ መንገዱ ቢረዝም፣ ናፍጣው ቢጨምር እንኳ። ይህን ጭማሪ ለጋሾቻችን ብክነት አድርገው እንዳያዩት ከወዲሁ እንለምናለን።

ዝናብ ከመጣ ሾፌሮች ከሸራው ላይ ውሃ ይቀዳሉ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነውና፣ 8 ካሬ ሜትር ሸራ ከ10 ሚሊሜትር ዝናብ 80 ሊትር ይሰበስባል። የመጀመሪያው አቧራውን አጥቦ ይሂድ፤ የቀረው ይያዝና ይታከም። ከራዲያተር የወጣ ውሃ ግን ቢቸግርም አይጠጣም። ኩላንቱ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው።

እንግዲህ ወደ ብሩ ደርሰናል። ክሎሪኑ፣ የመመርመሪያው እንክብል፣ ሚዛኑ፣ የክዳኑ ጎማና የሮቶው እጥበት «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ እንዳይገቡ እንጠይቃለን። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ልዩ ልዩ መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። «ውሃ ማከሚያ» የሚል የራሱ መደብ ይከፈትለት። ከናፍጣው ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። አተት ሲገባ የሚወጣው ግን በየቤታችን ነው፤ ገበያ ያልወጣችበት ቀን፣ ያልተጣለ እቁብ፣ ለክሊኒክ የተበደረችው ብር በማንም መዝገብ ላይ አይታይም።

ለየምልልሱም አንድ ቅጽ አዘጋጅተናል። ክሎሪኑ የገባበት ሰዓት፣ ቧንቧው የተከፈተበት ሰዓት፣ ከቧንቧው የተቀዳው ናሙና ንባብ ይጻፍበታል። እንክብሉ ሲሟሟ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ሮዝነቱ በደመቀ ቁጥር ክሎሪኑ በርክቷል ማለት ነው። ማደያ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር መቅረት አለበት፤ አተት ካለ 0.5። ቀለሙ ካልመጣ ቧንቧው አይከፈትም። የሚፈርሙት ሾፌሩና ከተሰላፊዎቹ የተመረጠች አንዲት አባል ናቸው። ይህ ቅጽ ያልተያያዘበትን የናፍጣ ደረሰኝ የሒሳብ ክፍሉ አያወራርድም። ሾፌሩ ከመቀጠሩ በፊት ይህን እንዲያውቀው በውሉ ላይ እንዲሰፍር ጠይቀናል። ፈራሚ አባላትን ግን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት፣ ዛሬ ከመበተናችን በፊት።