የምቱ ክብደት፦ ስለ ተከታታይ የፍልሚያ ካርቱኖች ብርታትና ጉድለት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ዓይነቱ ጉባኤ ፊት ስለ ካርቱን ፊልም መናገር ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ካርቱን ልጆች ጸጥ እንዲሉ የሚከፈትላቸው ነገር እንጂ ሒስ የሚገባው ጥበብ አይደለም የሚለው አስተያየት ሥር የሰደደ ነውና። ይሁን እንጂ አንድ ሕፃን ገና ፊደል ሳይቆጥር ሰው ሰውን ሲመታ ደጋግሞ የሚያየው ምናልባት በዚሁ ፊልም ነው። እንግዲያስ ምቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ፣ ካረፈ በኋላም ምን እንደሚከተል መመርመር የቀልድ ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

እስከ ዛሬ ድረስ እነዚህን ፊልሞች ለመመርመር በብዛት የተሠራበት ዘዴ ቆጠራ ነው። በአሜሪካ አገር የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆርጅ ገርብነር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታዩትን የኃይል ድርጊቶች በየጊዜው ሲያስቆጥሩ፣ የሕፃናት ካርቱኖች ከፍተኛውን ቁጥር ከያዙት ውስጥ ተገኙ። በእርግጥ ገርብነር ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መቺው ማን፣ ተመቺው ማን እንደ ሆነ ጭምር ይመዘግቡ ነበር። ነገር ግን ከምሁሩ ጠረጴዛ ወጥቶ በአደባባይ የሚጠቀሰው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ነው። ቁጥር ደግሞ የራሱ ዕውርነት አለው። አይጥ ድመትን በመጥበሻ ስትመታ አንድ፣ አባት የልጁን ፊት በእሳት ሲያቃጥል አንድ ብሎ ይቆጥራል። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ለማወቅ ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል።

ይህ ሚዛን ከሥዕሉ ባሕርይ መነሣት አለበት። በተዋናይ በሚሠራ ፊልም ሰው ሲወድቅ አካሉ በራሱ ክብደት ይወድቃል፤ ዲሬክተሩ ባይጨነቅበት እንኳ ምድር ትስበዋለች። በሥዕል ግን ተራራውም ላባውም ያው ቀለም ነው፤ ምንም ነገር ክብደት የለውም። ክብደትን የሚሰጠው ሠዓሊው ነው፤ ይህን ለመስጠት ደግሞ ብዙ ሥዕል ያስፈልገዋል። በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። ለየሁለቱ ምስል አንድ ሥዕል ብቻ ቢዘጋጅ እንኳ ለሴኮንዱ 12፣ ለሃያ ደቂቃ ፊልም 14,400 ሥዕሎች ይፈለጋሉ፤ ያውም የሚንቀሳቀሰው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነው። በየሳምንቱ አዲስ ክፍል የሚጠብቅ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይህን ወጪ አይሸከምም።

ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 1963 «አስትሮ ቦይ» የተባለውን ተከታታይ በፉጂ ቴሌቪዥን ማቅረብ ሲጀምሩ ችግሩን በቁጠባ ፈቱት። አንዱ ሥዕል ለሦስት ምስል እንዲያገለግል አደረጉ፤ ገጸ ባሕርዩ ሲናገር አፉ ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ የበረራና የሩጫ ሥዕሎች ተቀምጠው በሌላ ክፍል እንደገና ወጡ። በዚህ አኳኋን እስከ 1966 መጨረሻ ድረስ 193 ክፍሎች ቀረቡ። ቁጠባው የሠዓሊዎችን ኑሮ አጠበበ፣ ሙያውንም አረከሰ ብለው የሚወቅሱ አሉ፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ሆኖም ከዚህ ድህነት አንድ ሀብት ተወልዷል፤ ይኸውም ዝምታ ነው። ሁለት ተፋላሚዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ነፋስ ልብሳቸውን ብቻ እያወዛወዘ፣ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ተመልካቹ ገና ያልተሰነዘረውን ምት በልቡ ይመዝነዋል። የጃፓን የፍልሚያ ካርቱን ታላቁ ብርታት ይህ ነው።

ቁጠባው ዝምታን ሳያስተምር ሲቀር ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የተጀመረውን «ሂማን» መጥቀስ ይበቃል። ማቴል የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ የሚሸጣቸውን ጀግኖች ፊልሜሽን የተባለው ስቱዲዮ በ130 ክፍሎች አሳያቸው። ያው ሩጫ፣ ያው ዝላይ፣ ያው የቡጢ ሥዕል ከክፍል ክፍል ይመላለሳል። ጀግናው ሰይፍ ይዞ ይዞራል፤ ግን ሰው አይቆርጥበትም፤ ጠላቱን አንሥቶ ጭቃ ውስጥ ይወረውረዋል እንጂ። ከክፍሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቅ ብሎ ለልጆች ምክር ይሰጣል። ምክሩ በፊልሙ ውስጥ ያልነበረውን ትምህርት ከውጭ የሚለጥፍ ነው። ሰይፉም ምክሩም ጌጥ ናቸው።

«ድራገን ቦል ዜድ» ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ብርታቱና ጉድለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸውና። ከ1989 እስከ 1996 በ291 ክፍሎች የቀረበው ይህ ተከታታይ የተቀዳው ከአኪራ ቶሪያማ የሥዕል ታሪክ ነበር። ታሪኩ በሳምንታዊ መጽሔት ገና በመታተም ላይ ስለ ነበር ካርቱኑ መጽሔቱን እንዳይቀድመው መዘግየት ነበረበት። ስለዚህም ተፋላሚዎቹ ሳይማቱ ይጯጯሃሉ፣ ኃይላቸውን ያሰባስባሉ፣ ተመልካቾቻቸው በድንጋጤ ይተያያሉ። ፍሪዛ የተባለው ጨካኝ ገዢ ፕላኔቲቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች ብሎ ከተናገረ በኋላ ፍልሚያው ሳምንት ከሳምንት ቀጠለ። በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጥቶ ባለቀ ነበር። በ2009 ትርፉ ተቀንሶ እንደገና ሲቀርብ ምን ያህሉ ለመዘግየት ብቻ የተሠራ እንደ ነበር በግልጽ ታየ።

ነገር ግን ይህ ርዝመት ሌላ ፊልም ያላገኘውን ነገር ለተከታታዩ ሰጠው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘመን ያልፋል። ጎሃን የተባለው አልቃሻ ሕፃን አድጎ ወጣት ይሆናል፤ ሊገድል የመጣው ቬጂታ ቤተሰብ መሥርቶ በመጨረሻ ስለ ሌሎች ራሱን ይሠዋል። ተመልካቹም ከእነርሱ ጋር ያድጋል። ክብደቱን የሚያቃልለው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰባቱ የዘንዶ ኳሶች የሞተውን ሁሉ ማስነሣታቸው ነው። ደራሲው አደጋውን ሳይገነዘበው አልቀረም፤ ዘንዶው አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አያስነሣም የሚል ደንብ አበጅቶ ነበርና። ብዙም ሳይቆይ ግን ይህ ደንብ የማያግደው ሌላ ዘንዶ በሌላ ፕላኔት ላይ ተገኘ! ሞት ካልጸና ቡጢ ቢጮህ ምን ይመዝናል?

በአገራችን በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን እንዲሣሉ የቆየ ልማድ አለ። የፍልሚያ ካርቱንም ለረዥም ዘመን ባላንጣዎቹን በአንድ ዓይን ሲሥል ኖሯል። ፊቱን ወደ ተመልካቹ ካዞሩት ሥራዎች አንዱ በ1992 የተጀመረው «ባትማን» ነው። ኤሪክ ራዶምስኪ የከተማዋን ገጽታ በነጭ ወረቀት ፈንታ በጥቁር ወረቀት ላይ እንዲሣል ማድረጋቸው ብዙ ተወርቶለታል፤ ማማሩም እውነት ነው። የሚበልጠው ግን ፖል ዲኒ ለሚስተር ፍሪዝ የሰጡት ታሪክ ነው። ቀድሞ የበረዶ ጠመንጃ ከመያዝ በቀር ቁም ነገር ያልነበረው ወንጀለኛ፣ የታመመች ሚስቱን ለማዳን ሲጥር በአንድ ባለ ሀብት ጭካኔ ያጣት ባል ሆኖ ቀረበ። ክፍሉ በድርሰቱ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። የተከታታዩ ጉድለት ልዩ ልዩ የእስያ ስቱዲዮዎች ክፍሎቹን ተከፋፍለው ስለሚሥሉ የአንዱ ሳምንት ባትማን ግርማ የተላበሰ፣ የሌላው ሳምንት ደግሞ የጨው ዓምድ የመሰለ መሆኑ ነው።

ሁለቱን ብርታቶች፣ የአካልን ክብደትና የበደልን ክብደት፣ በአንድነት ለመያዝ በእጅጉ የደከመው ግን «አቫታር» የተባለው ተከታታይ ነው። ማይክል ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒየትስኮ የፈጠሩት ይህ ሥራ በኒክሎዲየን ጣቢያ ከ2005 እስከ 2008 በ61 ክፍሎች ቀርቧል። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ውኃን፣ አፈርን፣ እሳትንና አየርን ያዝዛሉ። ይህን ማንም ሊያስበው ይችላል፤ አዘጋጆቹ የተለዩት ግን ሲፉ ኪሱ የተባሉ የቻይና ፍልሚያ መምህር በአማካሪነት አስቀምጠው ለእያንዳንዱ ባሕርይ የራሱን ስልት በመስጠታቸው ነው። የውኃው ከታይ ቺ፣ የአፈሩ ከሁንግ ጋር፣ የእሳቱ ከሰሜን ሻኦሊን፣ የአየሩ ከባጓ ተወሰደ። ከዚህም የተነሣ አንዱ እግሩን ተክሎ እንደ ዋርካ ይቆማል፤ ሌላው በክብ እየዞረ ያመልጣል። ገጸ ባሕርዩ አንድ ቃል ሳይናገር አቋሙ ጠባዩን ይነግራል። የደቡብ ኮርያ ሠዓሊዎች በዚህ ላይ ያፈሰሱት ድካም ከሚነገርላቸው በላይ ነው።

የበደሉን ክብደት የተሸከመው ልዑል ዙኮ ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በግራ ዓይኑ ዙሪያ የቃጠሎ ጠባሳ ይታያል፤ ምክንያቱን ግን ተመልካቹ እስከ 12ኛው ክፍል አያውቅም። በጦር ምክር ቤት አንድ ጄኔራል አዲስ ምልምል ወታደሮችን ለማጥመጃ ሊሠዋቸው ሲያቅድ፣ ልጁ ይህ አይገባም ብሎ ተናገረ። ስለ ድፍረቱ ለፍልሚያ ሲጠራ ከፊቱ የቆመው ገዛ አባቱ ንጉሡ ነበር። አባቴን አልወጋም ብሎ ተንበረከከ፤ አባትየው ፊቱን አቃጥሎ ከአገር አባረረው። እንግዲህ ታሪኩ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት የተመታ አንድ ምት እስከ 61ኛው ክፍል ድረስ በፊቱ ላይ ተቀምጦ ይታያል። በመቶ የሚቆጠር ቡጢ ያለበት ሌላ ተከታታይ ይህን አንዱን አይመዝነውም።

ጉድለቱ እዚሁ ይጀምራል። በአንደኛው መጽሐፍ መጨረሻ የእሳት መንግሥት መርከቦች የሰሜኑን ከተማ ከብበው ሳለ፣ ጀግናው ሕፃን አንግ ከባሕር መንፈስ ጋር ተዋሕዶ ግዙፍ የውኃ አካል ይሆንና መርከቦቹን ጠራርጎ ያጠፋቸዋል። ትዕይንቱ ውብ ነው። በመርከቦቹ ውስጥ ግን ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ዙኮ ፊቱን የከፈለላቸውን ምልምሎች የመሰሉ፣ ስማቸው የማይታወቅ ወታደሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት መጻሕፍት አንግ በምን ያህል ሰው ሞት እጁ እንዳለበት ራሱን ሲጠይቅ አይታይም። የሠራው መንፈሱ ነው ብሎ መከላከል ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በንዴቱ ለመንፈሱ በር የከፈተው እርሱ ነው። ስማቸው ያልተነገረ ሰዎች ሕይወት ዋጋ አለው በሚል ቁስል ላይ የተመሠረተ ታሪክ፣ ስም የለሾቹን በማዕበል አስጥሞ ዝም ሲል ከማንኛውም የሥዕል ግድፈት የሚከብድ ግድፈት ሠርቷል።

ይህ ዝምታ በተከታታዩ ፍጻሜ ላይ ዋጋ አስከፍሎታል። በጁላይ 19 ቀን 2008 በቀረቡት የመጨረሻዎቹ ክፍሎች አንግ ንጉሥ ኦዛይን መግደል የሕዝቤን እምነት መሻር ነው ብሎ ይጨነቃል። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ የአየር ዘላኖቹ ሁሉ አልቀው እርሱ ብቻ ቀርቷልና እምነቱ ከሞተ ሕዝቡም ሁለተኛ ይሞታል። ለፍጻሜው ከሚቀርቡት መከላከያዎች ብርቱው ይህ ነው። ያለፉት አቫታሮች ሲጠየቁ፣ ከገዛ ወገኑ የሆነችው ያንግቼን ሳትቀር፣ ለዓለም ብለህ የራስህን ንጽሕና አሳልፈህ ስጥ ይሉታል። ሕፃናት እንዲመለከቱት በተሠራ ፊልም እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀጥታ መነሣቱ ብርቅ ነው። መልሱ ግን ከየት መጣ? ከዚያ በፊት በሕይወት ያልታየ የአንበሳና የኤሊ ፍጡር ከባሕር ብቅ ብሎ የሰውን ኃይል ያለ ሞት የመንሣት ጥበብ ሰጠው። የተዘጋው ኃይሉም አለት ጀርባውን ሲመታው በአጋጣሚ ተከፈተ። ጥያቄው አልተመለሰም፤ ተሻረ እንጂ። ስለ አንድ ንጉሥ ሕይወት አራት ክፍል ሙሉ የተጨነቀው ልጅ ስለ አንድ ባሕር ኃይል አንድ ደቂቃ አልተጨነቀም።

የቴሌቪዥን ጣቢያው ሞትን በግልጽ አለመፈለጉ ለዚህ አንድ ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም። ጄት የተባለው ወጣት ክፉኛ ቆስሎ ሲወድቅ ካሜራው ፊቱን አዙሯል፤ በሦስተኛው መጽሐፍ ገጸ ባሕርያቱ ስለ ራሳቸው የተሠራ ቴአትር ሲመለከቱ መሞቱ ግልጽ አልነበረም ብለው ይቀልዳሉ። ቀልዱ ያስቃል፤ የአዘጋጆቹ እጅ መታሰሩንም ይነግራል።

ሆኖም የታሰረ እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩት ራሳቸው ናቸው። ከፍጻሜው ጥቂት ክፍሎች ቀደም ብሎ ካታራ የእናቷን ገዳይ ፍለጋ ትወጣለች። ስታገኘው አርጅቶ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ከገበያ የሚመለስ ተራ ሰው ነው። ዝናቡን በአየር ላይ ታቆመዋለች፤ ጠብታው ሁሉ ወደ በረዶ ጦር ተለውጦ ወደ ሽማግሌው ይወረወራል፤ ፊቱ ዘንድ ሲደርስም ይቆማል። ሽማግሌው ነፍሱን ለማትረፍ የገዛ እናቱን በምትክ ሲያቀርብላት የሰውየውን ባዶነት አይታ ትታው ትሄዳለች። ይቅር አላለችውም፤ ይህንንም በአፏ ትናገራለች። ማንም መንፈስ አልረዳትም፤ ማንም አለት አላገዛትም። ደም አልፈሰሰም፤ የጣቢያው ደንብም አልተጣሰም። ያልተሰነዘረው ምት ግን በዚያ ዝናብ ውስጥ ተንጠልጥሎ እንዳለ ነው፤ ካታራም ከዚያ ቀን በኋላ ያለ እርሱ አትታይም።