የገናው ዱላ

ክቡራን የዩኒቨርሲቲው አመራሮችና መምህራን፣ ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ውድ የፊዚዮቴራፒና የስፖርት ሳይንስ ተመራቂዎች፤

ዛሬ የማነሣላችሁ አበበ ቢቂላን ነው። «እሱንማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰምተነዋል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው በቶኪዮ ድሉን መድገሙን ታውቃላችሁ። የእናንተ ሙያ የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎዳ። መጀመሪያ እጁም አልታዘዘው ብሎ ነበር። እንግሊዝ አገር በሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ሲታከም እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን ቀሩ። በዚያ ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ጨዋታን ከመድኃኒት እኩል ያዝዝ ነበር። በ1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ዊልቸር ተጠቃሚዎችን በቀስት አወዳድሯል። ለምን ቀስት? ጅማቱን ስትስቡ ትከሻና ጀርባ ይጠነክራል፤ እግር ሳያግዝ ወገብን አቅንቶ መቀመጥም ይለመዳል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አበበም ቀስት አነሣ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የማራቶኑ ጌታ በበረዶ ላይ! ድሉንም አደጋውንም የፈጣሪ ፈቃድ ነው ብሎ የተቀበለ ሰው ነበር፤ መቀበሉ ግን እጁን አጣጥፎ አላስቀመጠውም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከዛፍ ወድቆ ወገቡ የተጎዳ የደጋ ጎረምሳ መጣልኝ። ጉልበቱን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ሳለ፣ «ጋሼ፣ የገና ዱላዬን ታናሽ ወንድሜ ይውሰዳት?» አለኝ። ቀና እንኳ ሳልል፣ «አሁን እሱን ተወውና እግርህን አላላው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዱላው አንስቶ አያውቅም።

ጫፏ የተቆለመመ፣ በእጁ ወዝ የጠቆረች ዱላ ነበረች ብዬ አስባለሁ፤ አላየኋትም፣ አልጠየቅሁምም። ልጁ የጠየቀኝ የሚጫወትበት ሜዳ ቀርቶለት እንደሆነ ነበር። ይህ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አበበም በልጅነቱ ሩር ሲያሳድድ ያደገ የገና ተጫዋች ነበር፤ ልዩነቱ፣ እሱ ስቶክ ማንዴቪል ሲደርስ ቀስት የሚያቀብለው ሰው አገኘ።

ልጆቼ፣ ነገ የሚመጣባችሁ ሕመምተኛ ዳገት ላይ ያለ ቤት፣ ድንጋያማ መንገድ፣ ዊልቸር የማያስገባ ደጃፍ ይዞ ይመጣል። የስፖርት ሳይንስ ምሩቃን፣ ለእሱ የሚሆን ጨዋታ ማበጀት የእናንተ ድርሻ ነው። የፊዚዮቴራፒ ምሩቃን፣ የምርመራ ቅጹ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ይጠይቃችኋል። ከግርጌው ላይ በእጃችሁ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ምን ትጫወት ነበር?»

መልሱን ስትሰሙ ቀና በሉ። እንኳን ደስ አላችሁ!