ከዕድሩ ቃለ ጉባኤ እስከ ከተማው በጀት

በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚጥልባት ጅማ፣ የአንድ ሰፈር ልማት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው የዝናብ ውሃ ከደጃፍና ከመንገድ ላይ ቶሎ በመወገዱ ነው። ሱቅ፣ መጋዘን፣ ሻይ ቤትና መኖሪያ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በቆሙበት በጅማው መርካቶ ሰፈር ደግሞ አንድ የተደፈነ ቦይ ነጋዴውንም ነዋሪውንም እኩል ያስጨንቃል። ቦዩን ለማስጠረግ፣ የውስጥ መንገዱን ድንጋይ ለማንጠፍ ወይም መብራት ለማስገባት የሚሆን ገንዘብ ከከተማው በጀት ሊገኝ እንደሚችል ብዙ ሰው ይሰማል፤ ገንዘቡ በየትኛው በር እንደሚያልፍና ሰፈሩ በየትኛው ሰዓት ላይ ሄዶ መጠየቅ እንዳለበት ግን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ይህ አለማወቅ በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ችግሩ የበረታበት ሰፈር ሳይሆን ችግሩን አስቀድሞ በወረቀት ያሰፈረው ሰፈር ወረፋውን የሚይዝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማኅበረሰብ ራሱ ጠይቆ ገንዘብ የሚያገኝበት አሠራር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበራዊ መልሶ ማቋቋምና ልማት ፈንድ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የውሃ ጉድጓድ የሚያስፈልገው አካባቢ የራሱን ኮሚቴ መርጦ እንዲያመለክት፣ ከወጪውም ቢያንስ 10 በመቶውን በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በቁሳቁስ እንዲሸፍን ይጠይቅ ነበር። በዚያ አሠራር ማመልከቻው በቀጥታ ከማኅበረሰቡ ወደ ፈንዱ ይሄድ ስለነበር ጠያቂውና ሰጪው ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው፣ በባለሙያዎች ዘንድ ዩ.ኤል.ጂ.ዲ.ፒ. እየተባለ የሚጠራው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ግን መንገዱን ቀየረው። በሁለተኛው ምዕራፉ 44 ከተሞችን፣ ከ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተካው፣ ዩ.አይ.አይ.ዲ.ፒ. በተባለው ፕሮግራም ደግሞ 117 ከተሞችን ያቀፈው ይህ አሠራር፣ ጅማም የታቀፈችበት፣ አፈጻጸምን መሠረት ያደረገ ድጎማ ይባላል፤ ይህም ማለት አንድ ከተማ የሚያገኘው ገንዘብ በነዋሪው ቁጥርና በየዓመቱ በሚደረግለት ምዘና ውጤት ይወሰን ነበር ማለት ነው። መዛኞቹ የሒሳብ ምርመራው በጊዜው መጠናቀቁን፣ ግዥው በደንብ መካሄዱን፣ ነዋሪው መመካከሩን፣ የተሠራውም ነገር በተግባር መኖሩን ያዩ ነበር። ሥራዎቹ ሁሉ መጀመሪያ መግባት ያለባቸው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ በሚባለው ሰነድ ውስጥ ነው፤ እሱም ከተማው በሚመጡት ሦስት ዓመታት ሊገነባቸው ያሰባቸውን መንገዶች፣ ቦዮች፣ የገበያ ቦታዎች፣ የቆሻሻ ማስወገጃዎችና መብራቶች ከነግምታቸው በቅደም ተከተል የሚደረድርና በየዓመቱ እየተከለሰ የሚቀጥል ዕቅድ ነው። እንግዲህ የመርካቶ ሰፈር ልማት ኮሚቴ ማመልከቻውን የሚጽፈው ለአበዳሪው ባንክ ወይም ለሚኒስቴሩ ሳይሆን በዚህ ዕቅድ ውስጥ አንድ መስመር ለማግኘት ነው። የፕሮግራሞቹ ስምና የገንዘቡ ምንጭ ቢለዋወጥም ይህ የዕቅድ መስመር ቁልፍነቱ አይቀርም፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ዋና ዋና ጎዳናዎችን ሲያድስም፣ ከጎዳናው ጀርባ ያለው የውስጥ መንገድ ጠያቂ ይፈልጋል።

ጠያቂው ማን ይሁን ለሚለው ጥያቄ በጅማ ከዕድር የተሻለ መልስ አይገኝም። ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ዳውሮውና ከፋው ጎን ለጎን በሚነግድበትና በሚኖርበት ሰፈር፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በየወሩ አንድ መዝገብ ላይ የሚያስፈርም፣ ገንዘብ ሰብስቦ ያለ ሙግት የሚያስረክብ ተቋም ዕድር ነው። ይሁንና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ስላደረገ፣ ዕድር በዚያ ሕግ የተመዘገበ ድርጅት ሆኖ ዕርዳታ ሊቀበል አይችልም። ይህ ግን ዕድሩን ከጨዋታ አያስወጣውም፤ ግንባታውን የሚያሠራውና ለሥራ ተቋራጩ የሚከፍለው ከተማው ሲሆን፣ ሐሳቡን የማመንጨት፣ የነዋሪውን መዋጮ የመሰብሰብና ሥራው ሲካሄድ የመከታተል ድርሻ ለዕድሩ ይቀራል። የዕድር ገንዘብ ያዥ መዝገብ፣ ለዓመታት ያልተቋረጠ የመዋጮ ታሪክ ስለሚያሳይ፣ አንድን የበጀት ባለሙያ ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ በላይ ሊያሳምን ይገባዋል።

የማመልከቻው ፋይል ራሱ ብዙ ገጽ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ትክክለኛነት ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ነዋሪው ተሰብስቦ የተስማማበትን የሚያሳይ፣ ቀኑና የተሰብሳቢው ቁጥር የሰፈረበት፣ በፊርማ የተደገፈ ቃለ ጉባኤ ነው፤ የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑም ስብሰባው በአማርኛ ተካሂዶ ቢሆን እንኳ ቃለ ጉባኤው በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ቢገባ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲመላለስ አይጉላላም። ሁለተኛው ቦታውን የሚያሳይ ንድፍ ሲሆን፣ መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ ርዝመቱና ስፋቱ በሜትር፣ የመብራትና የስልክ ምሰሶዎች እንዲሁም የውሃ መስመሩ የት እንዳሉ ይመለከትበታል። ሦስተኛው የሥራና የዋጋ ዝርዝር ነው፤ ይህም ቁፋሮው፣ የድንጋይ ግንቡ፣ ንጣፉና ክዳኑ እያንዳንዳቸው በመጠንና በነጠላ ዋጋ ተባዝተው የሚቀመጡበት ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ነዋሪው ብቻውን ሊያዘጋጀው ስለማይችል የማዘጋጃ ቤቱን መሐንዲስ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲን ሰዎች እገዛ ይሻል። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሁለት ነባር ተቋማት ተዋሕደው ሲመሠረት ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ሰፈሮች ያሰማራል፤ የምሕንድስና ተማሪዎች አንድ ቦይ ለክተው ዝርዝሩን ቢሠሩ ለሰፈሩም ለእነሱም ይጠቅማል።

በዚህ ፋይል ላይ ሰፈሮች ደጋግመው የሚስቱት ነገር ቢኖር ከቦዩ በፊት ንጣፉን መጠየቃቸው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በድሬዳዋ ተሞክሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው ጌጠኛ ድንጋይ፣ በተለምዶ ኮብልስቶን የሚባለው፣ በአሸዋ ላይ ተደርድሮ በድንጋዮቹ መጠጋጋት የሚጸና በመሆኑ፣ ከሥሩ ውሃ የገባበት ዕለት አሸዋው ታጥቦ ድንጋዩ መነቀል ይጀምራል። ስለዚህ ማመልከቻው ከላይኛው ጫፍ ሳይሆን ከታችኛው፣ ማለትም ውሃው ከሰፈሩ ወጥቶ ከሚያርፍበት ቦታ መጀመር አለበት። የከተማዋ እምብርት ውሃ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል፤ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ስለሚዘልቅ፣ በመርካቶ ቦይ ውስጥ የሚጣለው ፌስታልና የቡና ገለባ ከሰፈሩ ሲወጣ የሌላው አካባቢ ችግር ይሆናል። መውጫው ያልታወቀ ቦይ ግን ጎርፉን ከአንዱ ደጃፍ አንሥቶ ወደ ጎረቤት ደጃፍ የሚያሻግር ነውና የሚጠቅመው ለአንድ ወገን ብቻ ነው።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ በጅማ ይከብዳል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር ክረምቱ ገና እየበረታ ነው፤ ግዥው በመስከረምና በጥቅምት ተጠናቆ ሥራው ካልተጀመረ፣ የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ዳግም ስለሚመጣ ለቁፋሮ የሚሆነው ደረቅ ወቅት እጅግ አጭር ነው። በዚሁ ወቅት ላይ ቡናው ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የለቀማ ጊዜ የሰውን ጉልበት ወደ አጋሮ፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙና ወደ ማና ስለሚስብ በዚያ ሰሞን ነዋሪውን ለጉልበት ሥራ መጥራት አያዋጣም፤ በአንጻሩ ግን ገንዘብ በየቤቱ የሚገባበት ጊዜ እሱ በመሆኑ የመዋጮው ቀጠሮ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ሐሳቡ በመጪው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲካተት የሚፈልግ ሰፈር ስብሰባውን በጥር አካሂዶ ፋይሉን በየካቲት ቢያስገባ፣ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ለክርክርና ለእርማት በቂ ጊዜ ያገኛል።

በቡና ከተሞቹ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በዚህ ረገድ የሚያስተምሩት ነገር አለ። በፍትሐዊ ንግድ ሥርዓት የሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከቡናው ዋጋ በላይ ለማኅበራዊ ልማት የሚውል ተጨማሪ ክፍያ ያገኛሉ፤ ይህ ገንዘብ ለትምህርት ቤት ይዋል ወይስ ለድልድይ የሚለውን የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ገበሬው እጁን አውጥቶ የወሰነበትን ድልድይ ሒሳብ ይጠይቃል። በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች የከተማውን የመዋዕለ ንዋይ በጀት በየሰፈሩ ተሰብስበው ሲያስቀድሙና ሲያስከትሉ የታየውም ይኸው ነው። መርካቶም ከእነዚህ ወስዶ፣ የተሰበሰበውን መዋጮና የወጣውን ወጪ በየወሩ በዕድሩ ደጃፍ ላይ ቢለጥፍ፣ ቀሪውን መዋጮ ለመሰብሰብ ልመና አያስፈልገውም።

ከፋይሉ ሁሉ የሚረሳው የመጨረሻው ገጽ፣ ጥገናን የሚመለከተው ነው። የቦዩ የኮንክሪት ክዳን በሲሚንቶ ተለስኖ ለዘላለም የሚዘጋ ሳይሆን እጀታ ኖሮት በሁለት ሰው የሚነሣ መሆኑ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ፣ በሁለተኛው ዓመት ቦዩን መጥረግ አይቻልም። ነጋዴው በክዳኑ ላይ ዕቃ መደርደር እንደሌለበት፣ ቦዩ ዝናቡ ሳይመለስ በየካቲት፣ ዳግምም በግንቦት እንዲጠረግ፣ ለዚህም የሚወጣው ወጪ ከዕድሩ ወርኃዊ መዋጮ ላይ ስንት ብር እንደሚሆንና የጠራጊዎቹን ክፍያ ፈርሞ የሚያወጣው ማን እንደሆነ በዚያ ገጽ ላይ በስምና በኃላፊነት ተጽፎ ከቃለ ጉባኤው ጋር አብሮ ይገባል።